ወፍራም ሰው ከምግብ ቤት ይከልከል ወይ?

በ2000 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፥ በሚሲሲፒ ግዛት፥ ሦስት የምክር ቤት አባሎች አንድ የሕግ ረቂቅ አቀረቡ። የረቂቁ ሐሳብ በአጭሩ ሲነገር፥ አምስትና ከዚያ በላይ መቀመጫ ያለው ምግብ ቤት ከልክ ያለፈ ውፍረት ላለው ሰው ምግብ እንዳይሸጥ የሚከለክል ነበር። ማን ወፍራም እንደሚባል የግዛቱ የጤና መሥሪያ ቤት መመሪያ ያወጣል፤ ሕጉን ደጋግሞ የጣሰ ምግብ ቤትም ፈቃዱን ሊነጠቅ ይችላል። ሆኖም ረቂቁ ከኮሚቴ ሳይወጣ እዚያው ቀረ። ካቀረቡት ሰዎች አንዱም ዋናው ዐሳቡ ሰው ሁሉ የውፍረትን ጉዳት እንዲያስብበት ለማድረግ መሆኑን ተናገረ።

ረቂቁ ቢቀርም ጥያቄው አልቀረም። ለሰው ጤና ተብሎ ሰውን ከማዕድ መመለስ ይገባል ወይስ አይገባም?

ይህን የሩቅ አገር ነገር ለወልድያና ለመርሳ ወጣት ማንሣት ምን ይጠቅማል የሚል አይጠፋም። የወሎ ስም ከጥጋብ ይልቅ ከረኀብ ጋር ተያይዞ ሲነሣ የኖረ ነው። የ1965ና የ1966፥ እንደዚሁም የ1977 ዓ.ም. ረኀብ በአገሩ ላይ ያደረሰውን ከወላጆቻችሁና ከአያቶቻችሁ ሰምታችኋል። ከዚህ የተነሣ በእኛ ዘንድ ውፍረት የሚመሰገን እንጂ የሚነቀፍ ነገር አልነበረም። ሰው ከሄደበት አገር ሲመለስ «ወፈርህ፤ አማረብህ፤ አገሩ ተስማምቶሃል» ይባላል። የከሳ ሰው ግን «ምን ነካው? ታመመ ወይ?» እየተባለ ይታዘንለታል።

ነገር ግን ዘመኑ ተለውጧል። በ2010 ዓ.ም. ፒዛ ኸት የተባለው የአሜሪካ ምግብ ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈት ብዙ ሰው አዲስ ዘመን የገባ መስሎት ተደነቀ። በትንንሽ ከተሞች ግን ቶሎ የሚደርስ ምግብ የውጭ አገር ስም ሳይጠብቅ ቀድሞ ገብቷል። በመንገድ ዳር በፈላ ዘይት የሚጠበሰው ድንች፥ ሳምቡሳው፥ ቦምቦሊኖው፥ ከዚያም ጋር የሚጠጣው ለስላሳ ለተማሪና ለመንገደኛ የዕለት ምግብ እየሆነ ነው። ቀድሞ በእግሩ ይሄድ የነበረውም ዛሬ በባጃጅ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2022 በዓለም ላይ ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለበት ሰው ከ1 ቢሊዮን በላይ ነበር። እንግዲህ ረኀብና ውፍረት በአንድ አገር፥ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ቤት የሚያድሩበት ዘመን ላይ ደርሰናል። ስለዚህ ጥያቄው የእኛም ጥያቄ ነው።

አስቀድሞ ይከልከል የሚሉትን ሰዎች ሐሳብ በቅንነት መስማት ይገባል። ከልክ ያለፈ ውፍረት ለስኳር በሽታ፥ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም በር ይከፍታል። የታመመውን ሰው የሚያስታምሙት ቤተ ሰቦቹ ናቸው፤ ለመድኃኒቱ ላም የሚሸጠው፥ ከሥራው የሚቀረው ሌላ ሰው ነው። ደግሞም ሕጋችን አንዳንድ በር መዝጋትን ያውቃል። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ታዲያ መጠጥ ለልጅ ከተከለከለ ጎጂ ምግብ ለወፍራም ሰው ቢከለከል ምን ነውር አለበት ይላሉ።

ይህ ክርክር የማይናቅ ነው። ቢሆንም የዕድሜ ክልከላ ሰውን ሁሉ በአንድ ዐይን የሚያይ ነው። ሀብታሙም ድኻውም፥ ቀጭኑም ወፍራሙም፥ በየተራው ልጅ ነበረ፤ በየተራውም ከልካዩን አልፎ ይሄዳል። የውፍረት ክልከላ ግን አንዱን ሰው ከጓደኞቹ መካከል ለይቶ በሰውነቱ መልክ ይፈርድበታል።

ፍርድ ከሆነ ደግሞ መለኪያው የታመነ መሆን አለበት። በዛሬ ጊዜ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት መለኪያ የሰውየውን ክብደት በኪሎ ግራም ይዞ፥ ቁመቱን በሜትር በራሱ አባዝቶ፥ ክብደቱን በዚያ ማካፈል ነው። ውጤቱ 30 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል። ለምሳሌ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው 87 ኪሎ ቢመዝን ውጤቱ ከ30 ጥቂት ያልፋል። ይህን ስሌት ያወጣው በ19ኛው መቶ ዓመት የነበረው የቤልጅጉ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ ነው፤ ያወጣውም የብዙ ሕዝብን አማካይ ለማጥናት እንጂ በአንድ ሰው ላይ ለመፍረድ አልነበረም። ስለዚህ በመነኻሪያ ኩንታል ሲሸከም የሚውል ጡንቻው የዳበረ ጎልማሳ በዚህ መለኪያ ከደጅ ሊመለስ ይችላል። ቀጭኑ ሰው ግን ደሙ በስኳር ተሞልቶም ቢሆን ማንም ሳይጠይቀው ገብቶ ይቀመጣል። ሐኪም እንኳ ደም ሳይመረምር የማይቈርጠውን ነገር አሳላፊ ከደጃፍ ቆሞ በዐይኑ ሊቈርጥ አይችልም።

ከመለኪያው የሚበልጥ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ እርሱም የውፍረት ምክንያት ነው። ብዙ ሰው ወፍራምን ባየ ጊዜ ሆዳም ነው ብሎ ይፈርዳል። በእውነቱ ግን ከወላጅ የሚወረስ ጠባይ፥ የአንዳንድ ዕጢ ሕመምና አንዳንድ መድኃኒት ሰውን ያወፍራሉ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ረኀብ ራሱ ሰውን ሊያወፍር መቻሉ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ግድም፥ በ1937 ዓ.ም.፥ ጀርመኖች በያዙት በሆላንድ አገር ጽኑ ረኀብ ሆኖ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው 19 የሆኑ የ300,000 ወጣት ወንዶችን መዝገብ መረመሩ። እናቶቻቸው በእርግዝናቸው የመጀመሪያ ወራት የተራቡባቸው ወጣቶች ከሌሎቹ ይልቅ ለውፍረት የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። የምሁራኑ አስተያየት እንዲህ ነው፤ በማሕፀን ሳለ የተራበ ሰውነት ያገኘውን ሁሉ ቈጥቦ ማስቀመጥን ይማራል፤ ጥጋብ ሲመጣም ልማዱን አይተውም።

ይህ ነገር ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከወልድያ በስተ ሰሜን በራያ ቆቦ በ1977ቱ ረኀብ ዘመን በእናታቸው ማሕፀን የነበሩ ሰዎች አድገው ሳለ ተመርምረዋል። የሆድ ውፍረት፥ የደም ግፊት፥ የስኳርና የደም ቅባት መዛባት በአንድነት የሚታዩበት ሕመም ከረኀቡ በኋላ ከተወለዱት ይልቅ በእነርሱ ላይ በዝቶ ተገኘ። እንግዲህ በሀብሩ ገበያ ሰፊ ወገብ ያለውን የአርባ ዓመት ሰው ስታዩ የምታዩት የጥጋብን ልጅ ነው ብላችሁ በችኰላ አትፍረዱ። ምናልባት የረኀብ ልጅ ይሆናል። ሳይወለድ እህል ያጣውን ሰው ካደገ በኋላ እንደ ገና ከእህል ፊት መመለስ ምን ዐይነት ፍርድ ነው?

ሕግ ባይኖርም ይህ ክልከላ በየቀኑ የሚፈጸም መሆኑን በዐይኔ አይቻለሁ። በወልድያ ዕድሜዋ ሃያ ያልሞላ፥ ትምህርቷን የምትወድ፥ ሰውነቷ የገዘፈ አንዲት የጎረቤት ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ከጓደኞቿ ጋር ድንች ጥብስ ልትገዛ ስትቆም ሻጩ እየሳቀ «ለአንቺስ አልሸጥም፤ ኋላ በበር አልገባ ትያለሽ» አላት። የቆሙት ሁሉ ሳቁ፤ ጓደኞቿም ሳቁ። እርሷም አብራ ሳቀች፤ ከዚያም ገንዘቧን በእጇ እንደ ጨበጠች ሄደች።

ሻጩ ምናልባት የመከራት መስሎት ይሆናል። ልጅቷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ታናሽ ወንድሟን እየላከች ታስገዛና በሯን ዘግታ ትበላ ነበር። የተከለከለችው መብላትን ሳይሆን ከሰው ጋር መብላትን ነው። ከዚህም የባሰው ሌላው ነው። ወደ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ እናቷ ብትለምናት ሚዛኑ በተሰለፈው ሰው ፊት የቆመ ስለ ሆነ አልሄድም አለች። ከስንት ወር በኋላ አንዲት የጤና ባለሙያ እቤቷ ድረስ መጥታ ስትለካት የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ተገኘ። ቀድሞ ሊታወቅና ሊታከም ይችል የነበረውን ሕመም ያዘገየው ያ ሳቅ ነው። ኀፍረት ሰውን ይሸሽገዋል እንጂ አያከሳውም።

እንዲህ ከሆነ ማንም የፈቀደውን ያህል ይብላ ማለቴ ነውን? አይደለም። መከልከልን እኛ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ እናውቀዋለን። በወሎ ክርስቲያኑ 55 ቀን ዐቢይ ጾምን፥ ሙስሊሙ ረመዳንን ይጾማል፤ አንዳንድ ዓመትም ሁለቱ ጾሞች ሲገጣጠሙ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ጎረቤቶች እኩል ይጾማሉ። በዚያን ጊዜ በልኳንዳው ወይም በምግብ ቤቱ ደጃፍ ላይ የሚመልስ ዘበኛ አይቆምም። ሰው ራሱን ይከለክላል። የታመመውንም ሃይማኖቱ ራሱ ጹም ብሎ አያስጨንቀውም። አባቶቻችን የተዉልን ሥርዐት እንዲህ ነው፤ መጠንን ሰው በራሱ ላይ ያዝዛል፤ ለሌላው ግን ይራራል። የሚሲሲፒው ረቂቅ ይህን ገለበጠው። ለሌላው ጾምን ዐወጀ፤ ከመለኪያው በታች የሆነውን ሁሉ ግን ምንም አላዘዘውም።

ይሁን እንጂ ሸክሙን ሁሉ በበላተኛው ፈቃድ ላይ ብቻ መጣል ደግሞ ቅንነት አይሆንም። ፈቃዱ የጸና ሰው እንኳ በርካሽ የሚገኘው ቅባትና ስኳር ብቻ ከሆነ ይደክማል። ሕግ የሚያስፈልግ ከሆነ በሰውየው ሰውነት ላይ ሳይሆን በሚሸጠው ነገር ላይ ይሁን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 እንደ ለስላሳ መጠጥ ባሉት ላይ ግብር ሲጥል ይህን መንገድ ተከትሏል፤ ጠጪው ቀጭን ይሁን ወፍራም አይጠይቅም። ሻጭም የጠቈረውን ዘይት ይድፋ፤ ጨውን ይቀንስ፤ በትንሽ ሳህን ለሚጠይቀው በትንሽ ሳህን ይስጥ፤ ከለስላሳው አጠገብ ንጹሕ ውሃ ያኑር። ሀብሩ ፓፓያና ማንጎ፥ ብርቱካንም የሚበቅልበት አገር ነው። የመርሳ ፍሬ በመኪና ተጭኖ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ የመርሳ ልጅ በቦምቦሊኖ ብቻ ምሳውን ቢያሳልፍ ያሳዝናል። የጤና ሠራተኛም ሚዛኑን ወደ ጓዳ ያግባው፤ የሰው ክብደት በሰልፍ ፊት የሚነበብ አዋጅ አይደለም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ለአንተም ለአንቺም የቀረው ድርሻ ቀላል ቢመስልም ትልቅ ነው። ስለ ራሳችሁ መጠንን ዕወቁ፤ ስትጠግቡ እጃችሁን አንሡ፤ እግራችሁ ሳለ ባጃጅ አትጥሩ። ስለ ጓደኛችሁ ግን ዳኛ አትሁኑ። ጤናው ካሳሰባችሁ ለብቻው አነጋግሩት፤ ወደ ሐኪም ሲሄድ አብራችሁት ሂዱ፤ ማታ ማታ በእግር ስትንሸራሸሩ ጥሩት። በማዕድ ላይ ሳላችሁም ሻጩ ቢሳለቅበት አብራችሁ አትሳቁ። ያን ቀን በወልድያ ከቆሙት ጓደኞች አንዲቱ ብቻ ሳትስቅ «ለእርሷ ካልሸጥህ ለእኛም አትሽጥ» ብላ ቢሆን ኖሮ ልጅቷ በሯን ዘግታ ባልበላች፥ ሕመሟም ያን ያህል ጊዜ ተሸሽጎ ባልኖረ ነበር።