በጉ ነው ወይስ መርከቡ?

ልጄን ሐሙስ ማታ ሆዱን ያመው ነበር። ረቡዕ ደህና ነው፣ ዓርብ ከትምህርት ቤት ሲመለስም ደህና ነው፤ ሐሙስ ማታ ግን ራት አይበላም፣ ፊቱ ይገረጣል፣ ሽንት ቤት ይመላለሳል። ሐኪሙ መርምሮ ምንም የለበትም አለን። ያሳመመው የዓርብ ጠዋቱ የስፔሊንግ ፈተና ነበር። አሜሪካ ልጅ ያሳደገ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ሰኞ የቃላት ዝርዝር ይመጣል፣ ልጁ ሲያጠና ይሰነብታል፣ ዓርብ መምህሯ ቃሉን ትጠራለች፣ እሱ ይጽፋል። የእኔ ልጅ ሐሙስ ማታ አንድ በአንድ የወጣውን ቃል ዓርብ ግማሹን ይስታል፤ ሰኞ ብትጠይቁት አንዱም የለም። ሦስተኛ ክፍል ላይ "አይ አም ስቱፒድ" ማለት ጀመረ። አማርኛ አሳምሮ የሚናገር ልጅ ነው፤ ይቺን ግን አንድ ቀንም በአማርኛ ብሏት አያውቅም።

ትምህርት ቤቱ "ሁለት ቋንቋ ስለሚሰማ ነው፤ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት" አለን። አባቱ ሊቀበል ዳር ዳር ብሎ ነበር። እኔ ግን እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ፊደል የሚያስቆጥሩት ዲያቆን የነገሩኝ ነገር ከልቤ አልወጣም። ልጁ ሀ ሁ ሂን በዜማ ሲያወርደው አይሳሳትም፤ ከመሐል ጣታቸውን አሳርፈው "ይህ ማን ነው?" ሲሉት ግን ይጠፋበታል፣ ለ እና ሰ ይምታቱበታል። ጥፋቱ የሁለት ቋንቋ ከሆነ እንግሊዝኛ የማይገባበት የሰንበት ትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ምን ወሰደው? እኔ የጠረጠርኩት ማንበብና መጻፍን የሚያከብደውን ዲስሌክሲያን ነው። እሱ ቋንቋም ሆነ የጽሕፈት ዓይነት አይመርጥም፤ ከማሰብ ችሎታ ማነስም የሚመጣ አይደለም። አገር ቤት ስም ስላልነበረው "ትምህርት አይገባውም" ተብሎ ይታለፍ ነበር። እንደዚያ ተብሎ ከስድስተኛ ክፍል የወጣ ዘመድ አለኝ፤ ዛሬ መርካቶ ውስጥ የተከበረ ነጋዴ ነው፣ ደረሰኝ የምትቆርጥለት ግን ሚስቱ ናት።

በግል ማስመርመር የወር ኪራያችንን ይበላል። የሕዝብ ትምህርት ቤት ግን ልጁ ችግር አለበት ብሎ ከጠረጠረ በነፃ የመመርመር ግዴታ አለበት፤ የፌዴራል ሕግ ነው። ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን እንጂ። በቃል የተጠየቀ ይረሳል፣ በጽሑፍ የተጠየቀ ቀን ይቆጠርበታል። ተመረመረ፣ የጠረጠርነው ሆነ፤ ድጋፍ ተብሎ የተሰጠው ከሌሎች ልጆች ተለይቶ ለጥቂት ደቂቃ ለብቻ መቀመጥ ነበር። የዓርቡ ፈተና አልቀረም፣ ሐሙስ ማታም እንደ ድሮው ቀጠለ። ትምህርት ሲዘጋ አወጣነው።

እኛ በምንኖርበት ቨርጂኒያ ልጅን ቤት ለማስተማር ፈቃድ አይለመንም፣ ማሳወቅ ነው። እስከ ኦገስት 15 ለአካባቢው የትምህርት ቤቶች ኃላፊ ደብዳቤ ይላካል፤ የሚሰጡት የትምህርት ዓይነቶች ይዘረዘራሉ፤ ወላጁ ሁለተኛ ደረጃ መጨረሱ ከሚፈቀዱት መንገዶች አንዱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት እስከ ኦገስት 1 ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ ማስረጃ ይቀርባል። ወንዙን ተሻግረው ሜሪላንድ ያሉት ደግሞ የልጁን ሥራ ሰብስበው በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ያስገመግማሉ። ወረቀቱ አልከበደኝም፤ የከበደኝ ሰው ነው። "ለዚህ ነው እንዴ አሜሪካ የመጣችሁት?" አለችኝ አንዷ፣ ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጻዲቅ እየቀመስን። እናቴ በስልክ ከአዲስ አበባ "እውነቱን ንገሪኝ፣ ምን አድርጎ ነው ያባረሩት?" እያሉ ሰነበቱ። እኔ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ወደ ማታ ፈረቃ ዞርኩ፣ ሰዓቴም ተቀነሰ፤ ባለቤቴ ቀን ኡበር ይነዳል። ካሪኩለም ልገዛ የተነሣሁት እንግዲህ ገቢያችን በቀነሰበት ወር ነው።

ገበያው ያደናግራል። ለዲስሌክሲያ ተብለው የሚሸጡት አብዛኞቹ ዘራቸው አንድ ነው። በ1920ዎቹ አይዋ ውስጥ ይሠራ የነበረው የነርቭ ሐኪም ሳሙኤል ኦርተን እና መምህርቷ አና ጊሊንግሃም ከጀመሩት ይመዘዛሉ፤ ድምፁንና ፊደሉን አንድ በአንድ እያያያዙ፣ ከቀላል ወደ ከባድ፣ ልጁ እየሰማ፣ እያለ፣ በእጁ እየጻፈ። ባርተን የሚባለው 10 ደረጃ አለው፤ አንዱ ደረጃ ብቻ በመቶዎች ዶላር ያስወጣ ነበር። አሥሩን ደምሬ ለባለቤቴ ሳሳየው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው፣ ምንም አላለም። ኦል አባውት ስፔሊንግ በ7 ደረጃ የተከፈለ ነው፤ ፊደላቱ በትንንሽ ሰሌዳ ላይ እየተቀያየሩ ቃል ይሠራባቸዋል፣ ዋጋውም ከባርተን ብዙ ይቀንሳል። ከታች ደግሞ ርካሾቹ የመልመጃ ደብተሮች አሉ፤ ዝርዝር፣ ባዶ ቦታ ሙላ፣ አዛምድ፣ ሳምንቱ ሲያልቅ ፈተና። እነዚህን ገልጬ ዘጋኋቸው። ሐሙስ ማታን በገንዘቤ ገዝቼ ቤቴ ላስገባ?

ውዶቹን ከላይብረሪና ከጓደኛ እየተዋስኩ አነበብኳቸው። የገረመኝ ለልጁ ያለው ገጽ ማነሱ ነው። ወፍራሙ መጽሐፍ የአስተማሪዋ ነው፦ አሁን ይህን በዪ፣ እንዲህ ከመለሰ እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፣ ከተሳሳተ ወደዚህ ገጽ ተመለሺ። ዶላሩ የሚከፈለው የእንግሊዝኛን አጻጻፍ ሥርዓት ለማታውቅ እናት ነው፤ ባለ ዲግሪ አሜሪካዊቷም ብትሆን አታውቀውም፣ ማንም አላስተማራትም። ስለዚህ ውዱን ካሪኩለም ለመዝለል መንገዱ እኔ ራሴ መማር ነበር። የዴኒዝ አይድን "አንከቨሪንግ ዘ ሎጂክ ኦቭ ኢንግሊሽ" ተውሼ በማታ ፈረቃ፣ አረጋውያኑ ሲተኙ፣ እያሰመርኩ ሳይሆን እየገለበጥኩ ጨረስኩት፤ የላይብረሪ መጽሐፍ አይሰመርበትም።

እኛ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉን በእንግሊዝኛ ተምረናል፤ ስፔሊንግ ግን ቃል በቃል ሽምደዳ ነበር። "ሀቭ" መጨረሻው ላይ ድምፅ የሌላት ኢ ለምን ትቀመጣለች? የእንግሊዝኛ ቃል በቪ ስለማያልቅ ነው፤ ኢ ቪን ለመደገፍ ብቻ ትገባለች። "ጊቭ"ም እንደዚያው። ሲ ከኢ፣ ከአይ ወይም ከዋይ በፊት ከመጣች ስ ትሆናለች። "ሆፕ" ላይ አይኤንጂ ሲጨመር ፒ አንዴ ትጻፋለች ወይስ ሁለቴ? መዝለል ከሆነ ሁለቴ፣ ተስፋ ማድረግ ከሆነ አንዴ፤ የተደገመችው ፒ ከፊቷ ያለውን አናባቢ አጭር አድርጋ ትጠብቀዋለች። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ ግራ ነው። እኛ ድምፁን አጥብቀን እንናገራለን እንጂ መጥበቁን አንጽፈውም፤ እነሱ ሁለት ጊዜ ይጽፉታል እንጂ አያጠብቁትም። ለልጄ ይህን ስነግረው ሳቀ፣ አያቱ "በላ" ሲሉ እና "በልታ" ሲሉ እያስመሰለ አጠበቀ፣ አላላ። በ1966 ስታንፎርድ ውስጥ ሐና የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ያደረጉት ጥናት ኮምፒዩተር ላይ የድምፅ ሕጎችን ጭኖ ከ17,000 በላይ ቃላት አስጽፎት ነበር፤ ግማሽ ያህሉን በትክክል ጻፈ። ግማሹ ብቻ የሚል ሊያዝን ይችላል። አንዱም ሕግ የለውም ተብሎ ላደገ ሰው ግን ግማሹ ብዙ ነው።

በመጨረሻ የገዛሁት ሲኩዌንሻል ስፔሊንግ ነው፤ ሌላ እናት የጨረሰችው፣ ጠርዙ የተቀዳደደ፣ በጥቂት ዶላር። ያዘጋጀው ዶን ማኬብ ራሱ ዲስሌክሲያ ያለበት ሰው ነበር፣ ያስታውቃልም። አስቀድሞ የሚጠና ዝርዝር የለም። "ኢን" ብሎ ይነሣል፤ ከዚያ "ፒን"፣ "ስፒን" እያለ ይሄድና ከቀናት በኋላ "ቢጊን" ላይ ይደርሳል፣ "ቢጊኒንግ"ንም ይወልዳል። ልጁ ቃሉን ይሰማል፣ ይሞክራል፣ ወዲያው ትክክሉን አይቶ ራሱ ያርማል፤ ከዚያ ሌላ ቃል። ውጤት አይሰጠውም። ሐሙስም ከረቡዕ አይለይም።

ከዚህ በኋላ የመጣውን ችግር የትኛውም መጽሐፍ አልጻፈውም። ቃሉን የምጠራው እኔ ነኛ፤ ምላሴ ደግሞ የጎንደር ነው። "ሺፕ" እለዋለሁ፤ እርሳሱን አንሥቶ "ማሚ፣ በጉ ነው ወይስ መርከቡ?" ይለኛል። ለእኔ ሁለቱም ሺፕ ናቸው። "ሲንክ" እላለሁ፤ "ዕቃ ማጠቢያው ነው ወይስ ማሰቡ?" አይ ልጄ! ድምፅ መለየት ላቃተው ልጅ ድምፅ የማትለይ እናት ቃል ስትጠራለት አስቡት። ቃሉን ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቼ መጥራት ጀመርኩ፤ ረዳ። ከዚያ የተሻለው ግን ታናሽ እህቱ ናት። እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች፣ አፏ የዚህ አገር ነው፤ ቁርሷን እየበላች ቃሉን ትጠራለታለች፣ እኔ ሕጉን እይዛለሁ። ለእሷ የአስተማሪነት ደመወዝ ተብሎ ጁስ ይጨመርላታል። አፍ መፍቻዋ እንግሊዝኛ ያልሆነች እናት ሁሉ ይህን አስቀድማ ብታስብበት መልካም ነው፤ ቃላቱን በድምፅ ቀርጾ የሚያሰማ ካሪኩለም ካገኘች ለዚያ ጥቂት ዶላር ብትጨምር አይቆጫትም።

በነፃ ያገኘሁትም አለ። ኖኅ ዌብስተር በ1783 ሃርትፎርድ ላይ ያሳተመው የስፔሊንግ መጽሐፍ፣ በሰማያዊ ሽፋኑ የሚታወቀው፣ የአሜሪካ ልጆች ከመቶ ዓመት በላይ ተምረውበታል። የማንም መብት ስለሌለበት ማንም ሊያትመው ይችላል። የመጀመሪያዎቹን ገጾች አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁና ፈዝዤ ቀረሁ፦ ባ፣ ቤ፣ ቢ፣ ቦ፣ ቡ፤ ከሥሩ ዳ፣ ዴ፣ ዲ። ግድግዳ ላይ የሰቀልነው የፊደል ገበታ ነው እንጂ ምን ይባላል? የኔታ በዜማ እንደሚያስወርዱት ያኔም በጩኸት ነበር የሚያስወርዱት። ልጄ ፊደልን በዜማ የሚያውቅ ነውና ይህንንም በዜማ አስጀመርኩት፤ ከዚያ በዜማው መካከል እጄን አሳርፌ አቆመዋለሁ፣ "ይህ ማን ነው?" እለዋለሁ። ዲያቆኑ ያልሆነላቸው ቦታ እዚያ ነበርና ቀስ ብለን፣ አንድ ረድፍ ብቻ እየወሰድን ነው የሄድነው። ረዣዥም ቃላትን በክፍላቸው መቁረጥ የቻለው በዚህ ነው። መጽሐፉ ለዛሬ ልጅ እንዳለ የሚሰጥ አይደለም፣ ግማሹ ስብከት ነው። ገበታው ግን ወርቅ ነው።

አሁን የትኛውን ልግዛ የሚሉኝ እናቶች አሉ። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ዋጋ ሳይሆን የልጁን የተሳሳተ ወረቀት ነው። "ሴድ" የሚለውን ቃል ኤስ፣ ኢ፣ ዲ ብሎ የጻፈ ልጅ ጆሮው ደህና ነው፤ የሰማውን ነው የጻፈው፣ የቀረው የቃሉን መልክ ማስታወስ ነው። ለእንዲህ ያለው ስፔሊንግ ፓወር የሚባለው አንድ መጽሐፍ ይበቃል፤ 5,000 ያህል ቃላት አሉት፣ በቀን 15 ደቂቃ ይፈጃል፣ ልጆቹ ሁሉ በየተራ ይጠቀሙበታል። "ሳንድ" ተብሎ ኤን ፊደልን ዘሎ "ሳድ" ብሎ የጻፈው ግን ድምፁ ራሱ አምልጦታል፤ እሱ ቃላት ከመጨመሩ በፊት ድምፅ እየነጠሉ በጆሮ ማስለመድ ያስፈልገዋል፣ ለዚያም ከኦርተን ወገን የሆነ ነገር ይሻለዋል። ልጄ ሁለቱንም ነበር የሚያደርገው። ድምፁን በምግብ ሰዓት በባዶ እጅ እየተጫወትን ሠራነው፦ "ስትሪት" ውስጥ መጀመሪያ ስንት ድምፅ ሰማህ? ቲን አውጣት፣ ምን ቀረ? አባቱ እየነዳ ይጠይቀዋል፣ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ። ይህ የሚሸጥ ነገር አይደለም።

ያለ እንባ አለፈ አልልም። አንድ ጊዜ ደብተሩን ከሁለተኛ ፎቅ በመስኮት ወርውሮታል፤ ወርጄ ሳመጣው ጎረቤታችን የሆኑ ሶማሊያዊት እናት ከበረንዳቸው አይተው፣ ምንም ሳይጠይቁ፣ ሻይ ላኩልኝ። የሆድ ሕመሙ ግን ገና የመጀመሪያው መኸር ሳይወጣ ቀርቷል። ቨርጂኒያ በፈተና ማስረጃ ለሚያቀርብ ልጅ ቢያንስ አራተኛውን ስታናይን ይጠይቃል፤ ከዘጠኝ ደረጃ አራተኛው ማለት ነው። እሱን አልፎታል። ስፔሊንጉ ለብቻው ሲታይ ገና ዝቅ ያለ ነው፤ "ቢኮዝ"ን አሁንም በሦስት ዓይነት ይጽፋል፣ ረዘም ያለ ነገር ሲሆን በኮምፒዩተር ይጽፍና ስፔል ቼኩ ያርምለታል፣ እኔም አልከለከልኩም። ለአያቱ የሚልከውን መልእክት በአማርኛ በስልኩ ይጽፋል፤ ሁለቱን ሐ እና ሀ ሲያምታታ እናቴ "ማን ያልተምታታበት አለ!" ይላሉ።

ታናሿ ዘንድሮ ስድስት ዓመቷ ነው። እሷ አንዴ ያየችውን ቃል አትረሳም፤ ለእሷ ከላይብረሪው የአሮጌ መጻሕፍት ሽያጭ በ1 ዶላር የገዛሁት የመልመጃ ደብተር አለ፣ ዝርዝርና ባዶ ቦታ የሞላው፣ ያ ለወንድሟ አይሆንም ያልኩት ዓይነት። ለእሷ ሆኗል። ዓርብ ዓርብ ፈተና ስጪኝ እያለች አስቸግራኛለች።