ሲነዳ የነበረው ማን ነው?

መኪና ያላችሁም የሌላችሁም፣ ከላይ ያለው ጥያቄ አንድ ቀን ሊቀርብላችሁ ይችላልና ዛሬ አብረን እንድናስብበት እወዳለሁ።

የምኖረው ለንደን ነው። በዚህ አገር የፍጥነት መቆጣጠሪያ ካሜራ አንድን መኪና ሲይዝ ፖሊስ በቅድሚያ የሚልከው ጥያቄ ነው፤ ቅጣቱ ኋላ ይመጣል። ወረቀቱ መኪናው በስሙ ለተመዘገበው ሰው በ14 ቀን ውስጥ መድረስ አለበት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ መንገዱንና ፍጥነቱን ይዘረዝርና በዚያ ሰዓት ሲነዳ የነበረው ማን እንደሆነ ይጠይቃል። ባለመኪናው በ28 ቀን ውስጥ መልሱን ጽፎና ፈርሞ መላክ ይኖርበታል። ዝም ካለ ዝምታው ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ በመንጃ ፈቃዱ ላይ 6 ነጥብ ይመዘገብበታል፣ እስከ 1,000 ፓውንድም ሊቀጣ ይችላል። ይህን የሚያዘው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1988 የወጣው የመንገድ ትራፊክ ሕግ አንቀጽ 172 ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

«ካሜራ ካለ ለምን ይጠይቃሉ?» ትሉ ይሆናል። ጋትሶ የሚባለውን የታወቀ ካሜራ የፈለሰፉት ሆላንዳዊው ሞሪስ ጋትሶኒደስ በ1953 የሞንቴ ካርሎን ራሊ ያሸነፉ የመኪና ተወዳዳሪ ነበሩ። መሣሪያውን መጀመሪያ የሠሩት የራሳቸውን ፍጥነት ለክተው ይበልጥ ለመፍጠን ነበር። ይህ ካሜራ ፎቶ የሚያነሣው ከኋላ ስለሆነ ታርጋውን ያያል እንጂ የነጂውን ፊት አያይም። ማሽኑ የማያውቀውን እንዲናገር የሚጠየቀው እንግዲህ ባለመኪናው ነው። «ይህ ራሳችንን እንድንከስ ማስገደድ ነው» ብለው እስከ አውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት የሄዱ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ፍርድ ቤቱ በ2007 በ15 ለ2 ድምፅ አልተቀበላቸውም፤ መኪና ይዞ መንገድ ላይ የሚወጣ ሰው ኃላፊነቱንም አብሮ እንደተቀበለ ይቆጠራል።

ባለፈው ዓመት እንዲህ ያለ ወረቀት በስሜ መጣ። በተጻፈው ሌሊትና ሰዓት እኔ በአዳር ጸሎት ላይ ነበርሁ። አንዲት እናት ደክሟቸው ስለነበር፣ ኪቦርድ የሚጫወትልን ወጣት ወንድም ቤታቸው እንዲያደርሳቸው ቁልፌን ሰጥቼው ነበር። በመኪናዬ ኢንሹራንስ ላይ የእሱም ስም ተመዝግቧል። እናታችንን በሰላም አድርሶ ሲመለስ፣ በሰዓት ከ20 ማይል በላይ በማይነዳበት መንገድ ላይ 33 ነድቶ ተያዘ።

«እኔ አልነበርሁም» ብሎ መመለስ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ይህ ልጅ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ ቀይ መብራት ጥሶም 3 ነጥብ ነበረበት። በዚህ አገር ሕግ አዲስ ነጂ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት 6 ነጥብ ከሞላበት መንጃ ፈቃዱ ይሰረዛል። እንደገና ለማጅ ሆኖ የጽሑፉንም የመንዳቱንም ፈተና መውሰድ አለበት። አንዳንድ ጊዜ በነጥብ ፈንታ የፍጥነት ትምህርት ይፈቀዳል፤ የእሱ ፍጥነት ግን ለዚያ ከሚፈቀደው በላይ ነበር። የሚተዳደረው ደግሞ በምሽት በመኪና ምግብ በማድረስ ነው። ከዚያችው ገቢ ላይ ሀገር ቤት ላሉት እናቱ ይልካል። የእኔ መንጃ ፈቃድ ግን ምንም ነጥብ የለበትም። «እኔ ነበርሁ» ብዬ ብፈርም 100 ፓውንድ ከፍዬ፣ 3 ነጥብ ተመዝግቦብኝ ነገሩ ያበቃ ነበር።

ጓደኞቹ ይህን ሲሰሙ ቤቴ መጡ። አንዱ፣ «ጋሼ፣ ሦስት ነጥብ አንተን ምን ያደርግሃል? ለእሱ ግን እንጀራው ነው» አለኝ። ሌላዋ፣ «ደግሞ እኮ አገልግሎት ላይ ሆኖ ነው የተያዘው» አለች። ሦስተኛው፣ «ፎቶው ላይ ፊት የለም፤ ማን ያውቃል?» አለ። እነዚህ ልጆች ክፉዎች አይደሉም፤ የመጡት ወንድማቸውን ስለሚወዱት ነው። እኛ ደግሞ በይሉኝታ ያደግን ሰዎች ነን። የራስን ስም አትርፎ የልጅን እንጀራ መዝጋት በእኛ ዘንድ ጭካኔ ይመስላል።

ማን ያውቃል ለሚለው የሁለት ሰዎችን ታሪክ ነገርኋቸው። በኋላ የብሪታንያ የኢነርጂ ሚኒስትር የሆኑት ክሪስ ሂዩን በ2003 ከተወሰነው ፍጥነት በላይ ሲነዱ መኪናቸው በካሜራ ተያዘች። ነጥቡን ግን የያኔዋ ባለቤታቸው ቪኪ ፕራይስ በራሳቸው ስም ወሰዱላቸው። ትዳራቸው ከፈረሰ በኋላ ነገሩ በ2011 ወጣ። በ2013 ሁለቱም የፍትሕን ሂደት በማዛባት ወንጀል እያንዳንዳቸው የ8 ወር እስራት ተፈረደባቸው። አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ ጡረታ የወጡት ዳኛ ማርከስ አይንፌልድ በ2006 ስለመጣባቸው የ77 የአውስትራሊያ ዶላር ቅጣት ሲጠየቁ፣ መኪናዋን ለአንዲት ፕሮፌሰር አውሼ ነበር ብለው በመሐላ ተናገሩ። ሴትዮዋ ለካ በ2003 ሞተዋል። ዳኛው በ2009 ሦስት ዓመት ተፈረደባቸው፤ ከዚያም ቢያንስ ሁለቱን እስር ቤት እንዲያሳልፉ ተወሰነ። አበው «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ያሉት እንዲሁ አይደለም።

ወገኖቼ፣ እስር ፈርቶ እውነት መናገር ግን ለእኛ አይበቃንም። ፈጽሞ እንደማይታወቅ ዋስትና ቢሰጠኝስ? ከልጆቹ አንዱ ያነሣው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው የከበደኝ። «ጌታ የእኛን በደል ወስዶ የለም ወይ? አንተስ የወንድምህን ብትወስድ ምን አለበት?» አለኝ።

መልሱን ለማግኘት ሁለት ቀን ወሰደብኝ። ጌታ በደላችንን ሲሸከም ማን እንደበደለ አልደበቀም። አብ ያውቅ ነበር፤ እኛም እናውቃለን። በመስቀሉ ላይ የተዋሸ ነገር የለም። ጳውሎስም ለፊልሞና ስለ አናሲሞስ ሲጽፍ፣ የበደለህና ዕዳ ያለበት ነገር ካለ በእኔ ላይ ቁጠረው፣ እኔ እከፍላለሁ አለው እንጂ፣ ያደረግሁት እኔ ነኝ አላለም። ባለዕዳውን በስሙ ጠርቶ ዕዳውን ወደ ራሱ አዞረ። የሐሰት ምስክርነት ባልንጀራን ለመጉዳት ብቻ የሚነገር ይመስለናል፤ ባልንጀራን ለመጥቀም ሲፈረምም ያው ሐሰት ነው።

ደግሞም የምንረሳው ሌላ ባልንጀራ አለ። የ20 ማይል ወሰን የሚደረገው ሰው በሚኖርበትና ልጆች በሚሻገሩበት ሰፈር ነው። ነጥቦቹ የሚቆጠሩት አንድ አዲስ ነጂ በተደጋጋሚ ሲያጠፋ ሰው ሳይጎዳ እንዲቆም ነው። ቁጥሩን እኔ ወስጄ ብደብቅለት፣ ነገ ያን መንገድ የሚሻገረውን ልጅ ነው የማታልለው።

ቅጹን ከመሙላቴ በፊት ወንድሜን ጠርቼ የምጽፈውን በፊቱ ነገርሁት፤ ሳይሰማ ስሙን አልጻፍሁም። አቀርቅሮ ሰማኝና «እሺ» ብሎ ወጣ። መንጃ ፈቃዱ ተሰረዘ፤ ለአንድ ወር ያህልም ስልኬን አላነሣም። ዋጋ የለውም ብዬ አልሸነግላችሁም፤ ነበረው። ከዚያ በኋላ ግን 100 ፓውንዱን ነጥቡን እንድወስድ ከመከሩኝ ልጆች ጋር ሆነን አዋጣን። አንደኛው ሥራውን በብስክሌት እንዲቀጥል ብስክሌቱን አዋሰው። የለማጅ ፈቃዱን ሲያወጣ ቅዳሜ ቅዳሜ የለማጅ ምልክት ለጥፈን አጠገቡ እቀመጥ ነበር። በመጀመሪያው ቅዳሜ ብዙም አልተነጋገርንም፤ በሦስተኛው እሱ ራሱ መዝሙር ከፈተ። ፈተናውን በሁለተኛው ሙከራ አልፏል።

እንዲህ ያለ ወረቀት ሲመጣባችሁ በመሳቢያ ውስጥ አትቅበሩት፤ ቀኑ ይቆጠራል። ማን እንደነዳ ካላስታወሳችሁ ፎቶው እንዲላክላችሁ ጠይቁ፤ ቤተሰቡን ጠይቁ፤ የዚያን ቀን መልእክቶቻችሁን ተመልከቱ። ያን ሁሉ አድርጋችሁም ካላወቃችሁ ያደረጋችሁትን ጥረት በዝርዝር ጻፉ፤ ነጂውን ለማወቅ በእውነት ጥሮ ላላወቀ ሰው ሕጉ መከላከያ ይሰጠዋል። የምታውቁ ከሆነ ግን ስሙን ከመጻፋችሁ በፊት ለሰውዬው ንገሩት። ከጻፋችሁ በኋላም አትራቁት፤ ስሙን ሰጥቶ ዞር ማለት ግማሽ እውነት ነውና።

የሰው ቁልፍ የምትቀበሉ ደግሞ ባለቤቱን በዚህ መንታ መንገድ ላይ አታቁሙት። ካሜራው ብልጭ ሲልባችሁ ካያችሁ፣ ቁልፉን ስትመልሱ «እኔ ነኝ፤ ወረቀት ሊመጣ ይችላል» በሉት። ፖሊስ ከመጠየቁ በፊት ከእናንተ ይስማው።