ወጀቡ ሲያልፍ ማን ይጣራል? አማተር ሬዲዮ በአሜሪካና በሐይቅ

መስከረም 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አገር ቤት የመስቀል በዓል ሲከበር፣ በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ምዕራባዊ ተራሮች ሄለን የተባለው አውሎ ነፋስ ባመጣው ጎርፍ ተጥለቀለቁ። በአሽቪል ከተማና በዙሪያዋ መንገዱ ተቆራረጠ፤ መብራት ጠፋ፤ ሞባይል ሥራ አቆመ። በዚያ ሰሞን ሰዎች ስለ ቤተሰባቸው ደኅንነትና ስለሚታለፈው መንገድ ከሚጠያየቁባቸው ጥቂት መሥመሮች አንዱ፣ በሚቸል ተራራ ላይ የቆመ የአማተር ሬዲዮ ሪፒተር (ድምፅ ተቀብሎ አጉልቶ መልሶ የሚያሰራጭ መሣሪያ) ነበር። አማተር ሬዲዮ ማለት አንድ ሰው ተፈትኖ፣ ፈቃድ አውጥቶ፣ ለንግድ ሳይሆን ለመማርና ለመገናኘት በገዛ ቤቱ የሚያቆመው መቀበያና ማሰራጫ ነው። ይህን የሰማ የወሎ ሰው መጠየቁ አይቀርም፤ ሐይቅ ከተማ ወይም ውጫሌ ላይ እንዲህ ያለ ወጀብ ቢወርድ ማን ይጣራል? ብዙዎቻችን በድህነት እናሳብባለን፤ "እነሱ ገንዘብ አላቸው፣ እኛ የለንም" እንላለን። እኔ በዚህ አልስማማም። ልዩነቱ ያለው ከወጀቡ በፊት ነው፤ እዚህ አሜሪካ ሕጉ አንቴናውን ለነዋሪው ፈቅዶለታል፣ ነዋሪውም በሰላሙ ቀን ይለማመድበታል። ሐይቅ የጎደላት ፈቃድና ልምምድ ነው፤ ሁለቱም ደግሞ ከመሣሪያው ይረክሳሉ።

ከወጀብ በኋላ ጣቢያን ወደ ሥራ የመመለስ ሥራ ሲታይ የሚደንቅ ጥበብ የለበትም። መጀመሪያ ነጎድጓዱ በእርግጥ መራቁ ይረጋገጣል፤ መብረቅ ሳይርቅ አንቴና የሚነካ ሰው የለም። ቀጥሎ የወደቀው የአንቴና ሽቦ ከመብራት መሥመር ጋር አለመነካካቱ ይታያል። ከዚያ ተራው የኮአክሲያሉ ነው፤ የዲሽ ገመድ የምንለው ዓይነት ማለት ነው። ጫፉ ተፈቶ መዳቡ አረንጓዴ ከሆነ ወይም ጠቁሮ ከተገኘ ውሃ ገብቶበታል፤ የተበላሸው ክንድ ያህል ተቆርጦ ይጣልና እንደገና ተበይዶ በናስትሮ ይጠቀለላል። በቴስተር የመካከለኛው ሽቦና የውጪው መረብ አለመገናኘታቸው፣ ባትሪው 12 ቮልት ተኩል አካባቢ መያዙ፣ ፊውዙ አለመቃጠሉ፣ ወደ መሬት የሚወርደው የመዳብ ዘንግ አለመላቀቁ ይረጋገጣል። በመጨረሻ በ5 ዋት ብቻ ተልኮ፣ ከአንቴናው የሚመለሰው ኃይል በሜትር ይነበባል። ሜትሩ የሚያሳየው ንጽጽር (SWR) ከ2 በታች ከሆነ ጣቢያው ተመልሷል፤ ከፍ ካለ ፍተሻው ከሽቦው ይጀመራል። ከዚያ በኋላ ማዳመጥ ነው፤ መሥመሩ በሌላ ሰው አለመያዙ ታውቆ፣ የጥሪ ምልክት ተነግሮ፣ "የሚሰማኝ አለ?" ይባላል። ይህን ሁሉ አንድ የለመደ ሰው በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ያልለመደ ሰው ግን መሣሪያው ቢኖረውም ጥገና ሲጠብቅ ይውላል።

ልምዱ ከየት ይመጣል? በአሜሪካ የመጀመሪያው የፈቃድ ደረጃ ፈተና 35 ጥያቄ ነው፤ 26 የመለሰ ያልፋል። ጥያቄዎቹ ከነመልሳቸው አስቀድመው ለሕዝብ ይታተማሉ፤ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ በየትኛውም ደረጃ የሞርስ ኮድ ማወቅ ግዴታ አይደለም። ከፈተናው በላይ ሰውን የሚሠራው ግን ድግግሞሹ ነው። በየዓመቱ በሰኔ ወር፣ ከ1933 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ "ፊልድ ዴይ" የሚሉት ቀን አላቸው፤ ክለቦች ሜዳ ላይ ወጥተው ሽቦ ይዘረጋሉ፣ ባትሪና ጄኔሬተር ያገናኛሉ፣ ለ24 ሰዓት ከቻሉት ሁሉ ጋር ይነጋገራሉ። ውድድር ይመስላል፤ በተግባር ግን ቤት ፈርሶ ጣቢያ ከባዶ የማቆም ልምምድ ነው። ብዙ ክለቦች በየሳምንቱ በተወሰነ ሰዓት የስም ጥሪ ያደርጋሉ፤ ማን አለ፣ የማን መሣሪያ ይሠራል፣ የማን ድምፅ ደከመ የሚለው በዚያ ይታወቃል። አሠራሩ ከእኛ ዕድር አይለይም። ዕድር ድንኳኑንና ድስቱን ለቅሶ ሳይመጣ ነው የሚገዛው፤ አባሉንም በመዝገብ የሚያውቀው አስቀድሞ ነው። ስለዚህ "ይህ የፈረንጅ ባህል ነው" የሚለው አባባል አያስኬድም። ለክፉ ቀን በሰላም ቀን መደራጀት ወሎ ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም።

አገር ቤትም ቢሆን ባዶ አይደለንም። ኢትዮጵያ ኢ-ቲ በሚል መነሻ የሚጠራ የራሷ የጥሪ ምልክት አላት። በንጉሡ ዘመን አስመራ በሚገኘው የቃኘው ጦር ሰፈር የነበሩ አሜሪካውያን ወታደሮች ኢ-ቲ-3-ዩ-ኤስ-ኤ በሚል ምልክት ከዓለም ጋር ይነጋገሩ ነበር። ዛሬ ደግሞ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ፣ ኢ-ቲ-3-ኤ-ኤ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አምስት ኪሎ ይገኛል። ተማሪዎቹ ማይክሮፎን ሲይዙ ከአውሮፓም ከጃፓንም ከአሜሪካም የሚጠራቸው ይበዛል፤ ከኢትዮጵያ የሚወጣ ድምፅ ብርቅ ስለሆነ ነው። ብርቅ መሆኑ ግን ብርቅ ጣቢያ ለሚፈልግ የውጭ አማተር መልካም ነው እንጂ ለአገሩ ሰው ጉድለት ነው። አንድ ክለብ አዲስ አበባ ላይ መኖሩ ለሐይቅ የሚፈይደው ጥቂት ነው፤ ከወዲያ የሚያዳምጥ ቢኖር እንኳ ከወዲህ የሚጣራ የለም። በተሁለደሬ ወይም በአምባሰል ወረዳ ነፋስ የእንጨት ምሰሶ ሲጥል፣ የቴሌ ማማው ባትሪ እስኪያልቅ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ በእግርና በመኪና የሚሄደው ብቻ ነው።

የቦታው አቀማመጥ ነገሩን ያጎላዋል። ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም፣ ዱሮ ደሴት የነበረው፣ ዛሬ ወደ ውሃው ገብቶ በቆመ መሬት ላይ ነው፤ ዙሪያውን ኮረብታ ያጥረዋል፤ ከሰሜን የአምባሰል ሰንሰለት ይጋርደዋል። እንዲህ ባለ ጎድጓዳ ቦታ ፖሊስና ጥበቃ የሚይዙት ዓይነት የእጅ ሬዲዮ ከተራራው ማዶ አይዘልቅም፤ ሞገዱ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነውና። በ7 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለው አጭር ሞገድ ግን ሌላ መንገድ አለው። በሁለት ባሕር ዛፍ መካከል፣ ከመሬት 5 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተዘረጋ 20 ሜትር ሽቦ ኃይሉን ሽቅብ ወደ ሰማይ ይልካል፤ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለው በኤሌክትሪክ የተሞላ የአየር ንብርብር ሞገዱን ወደ ታች ይመልሰዋል። ከላይ ስለሚወርድ ተራራ አያግደውም፤ ደሴን፣ ወልድያን፣ ባሕር ዳርንና አዲስ አበባን በአንድ ጊዜ ሊሸፍን ይችላል። በባለሙያዎች ዘንድ ለተራራማ አገር የሚመከረው ይኸው ዝቅ ያለ ሽቦ ነው። ከፍ ያለ ማማ አያስፈልገውም፤ በወጀብ ቢወድቅም አንድ ሰው መልሶ ይሰቅለዋል።

በእንዲህ ያለ ጣቢያ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ "ዘመኑ የሞባይልና የሳተላይት ነው፤ ይህ ያለፈበት ነገር ነው" የሚል ነው። ክርክሩ ክብደት አለው፤ በአዘቦት ቀን ማንም ሰው በአጭር ሞገድ ዘመዱን አይጠይቅም። ነገር ግን መስከረም 10 ቀን 2010 ዓ.ም. ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን ሲመታ፣ በማግስቱ ከ100 የሞባይል ማማዎች 95ቱ ያህል ሥራ አቁመው ነበር፤ ይህ የሆነው በአሜሪካ ግዛት ውስጥ ነው። የአሜሪካ ቀይ መስቀል የአማተር ሬዲዮ ማኅበሩን 50 በጎ ፈቃደኛ እንዲልክለት ጠየቀ። ሞባይል እንዲሠራ ማማ፣ መብራት፣ ነዳጅና ፋይበር ሁሉም አንድ ላይ መሥራት አለባቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ ሲበጠስ ሰንሰለቱ በሙሉ ይቆማል። የሽቦና የባትሪ ጣቢያ ግን ከራሱ በቀር የሚጠብቀው የለም። እርግጥ ነው፣ በፖርቶ ሪኮም ቢሆን ዋናው ኔትወርክ የተመለሰው በኩባንያዎች ጥገና ነው፤ አማተሮቹ የሞሉት የመጀመሪያዎቹን ቀናት ክፍተት ነው። እኔም ከዚያ የበለጠ አልጠይቅም፤ ሰው የሚጠፋው ግን በእነዚያ ቀናት ነው።

ሁለተኛውና ከባዱ ተቃውሞ የጸጥታ ጉዳይ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ያለ ፈቃድ መሣሪያ ማስገባትንም ሆነ መያዝን በእስራት ያስቀጣል። ወሎ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ ያየችውን አይታለች፤ ባለሥልጣን በግለሰብ እጅ ያለ ሬዲዮን በጥርጣሬ ቢያይ አይፈረድበትም። ሆኖም አማተር ሬዲዮ ለምስጢር የማይመች መሣሪያ ነው። ዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ አንቀጽ 25 የተለያዩ አገሮች አማተሮች ሲነጋገሩ የንግግሩን ትርጉም በኮድ መደበቅን ይከለክላል፤ ተናጋሪው የጥሪ ምልክቱን መናገር አለበት፤ በዚያ ሞገድ የሚያዳምጥ ሁሉ ይሰማዋል። በ1928 ዓ.ም. ከማይጨው ጦርነት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በሬዲዮ ለእቴጌ መነን የላኩትን መልእክት ጣሊያኖች ጠልፈውት ነበር፤ የመንግሥት ሬዲዮ እንኳ ያን ያህል ለጆሮ የተጋለጠ ከሆነ፣ በመዝገብ የታወቀ የትምህርት ቤት ጣቢያ ለሴራ የሚመረጥ አይደለም። አሜሪካም ብትሆን በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች የአማተሮችን ሥርጭት አግዳ፣ ሰላም ሲመጣ መልሳ ፈቅዳለች። መንግሥት ያንን ሥልጣን ይያዝ፤ በጦርነት ጊዜ ይዝጋ። ለዝናብና ለመብረቅ ወራት ግን የሚዘጋበት ምክንያት የለም። ያው አንቀጽ 25 አገሮች አማተሮችን ለአደጋ ጊዜ መገናኛ እንዲያዘጋጁ ያበረታታል።

"ገንዘቡስ?" ለሚለው መልሱ አጭር ነው። ዩቢቴክስ የተባለው በሕንድ የተሠራ ያልተገጣጠመ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ገበያ ላይ ሲወጣ ዋጋው 109 ዶላር ነበር፤ ሽቦው ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ይገኛል፤ ባትሪና ሶላር ገጠር ድረስ ገብቷል። ሕንድ ራሷ ጥሩ ምስክር ናት። ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. ሱናሚው የአንዳማን ደሴቶችን ሲመታ፣ ከሌላው ዓለም ጋር ለመነጋገር ብቻ ፖርት ብሌር የሄዱ የሕንድ አማተሮች ጣቢያ ተክለው ነበር፤ ስልክ ሲጠፋ የደሴቶቹ መልእክት በእነሱ በኩል አለፈ። ለጨዋታ የሄደ ሰው ለሥራ ተገኘ፤ መሣሪያው የሀብታም አገር አልነበረም። የሙያ ሰው እጥረትም አይገጥመንም፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱን ኮምቦልቻ ላይ ይዟል፣ ሞባይልና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ ወጣቶችም በየከተማው አሉ። ኮአክሲያል ቆርጦ መበየድ ለእነሱ የዕለት ሥራ ነው።

በውጭ ያለውንም አላሞግስም። እዚህ ብዙ የጋራ መኖሪያ ማኅበራት በጣራ ላይ አንቴና ማቆምን ይከለክላሉ፤ አፓርታማ የሚከራየው ሐበሻ ፈቃድ ቢኖረውም ሽቦ የሚዘረጋበት ያጣል። በአንጻሩ ሐይቅ ላይ ግቢ አለ፣ ዛፍ አለ፣ የሚከለክል ጎረቤት የለም። እዚህ ሕጉ ፈቅዶ ቦታው ይጠባል፤ እዚያ ቦታው ሰፍቶ ፈቃዱ ይጠባል። ከሁለቱ የሚቀለው የወረቀቱን ችግር መፍታት ነው።

እንግዲህ በዚህ የሚያምን የዲያስፖራ አንባቢ ምን ያድርግ? ከሁሉ በፊት በሻንጣ ሬዲዮ ይዞ አይሂድ፤ ሕግ መጣስ ነው፤ ለሚከተሉትም በር ይዘጋል። ፈተና ወስዶ እዚሁ ፈቃድ ያውጣ፤ በሳምንታዊው የስም ጥሪ ይሳተፍ፤ የፈተናውን ትምህርት በአማርኛ ለማዘጋጀት ጉልበቱን ይስጥ። አምስት ኪሎ ያለውን ማኅበር ይደግፍ፤ ኮምቦልቻ ላይ ሁለተኛ የክለብ ጣቢያ፣ ከዚያም በሐይቅና በውጫሌ ትምህርት ቤቶች ቅርንጫፍ እንዲቆም ከዩኒቨርሲቲው ጋር ሆኖ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን በደብዳቤ ይጠይቅ። ጥያቄው ሦስት ነገር ብቻ ይሁን፤ ግልጽ የፈተና ሥርዓት፣ በተቋም ስም የሚሰጥ የክለብ ፈቃድ፣ መሣሪያ በሕጋዊ መንገድ የሚገባበት አሠራር። ገንዘብ ማዋጣቱ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ፈቃድ ሳይኖር የተላከ ሬዲዮ ጉምሩክ ላይ ይቀራል፤ ልምምድ ሳይኖር የተተከለ አንቴናም በመጀመሪያው ክረምት ከወደቀ የሚያነሣው አያገኝም።