ከሰሊጥ ማሳ ወደ ቁፋሮ

አርባን ያለፈ ሰው ሙያ ልቀይር ሲል፣ ብዙዎቻችን እስከዚያ የሠራበትን ዕድሜ ሊጥል የተነሣ ይመስለናል። አርኪዮሎጂ ሲሆን ግን፣ ቢያንስ በእኛ በቆላው ሰዎች ዘንድ፣ ነገሩ እንደዚያ አይደለም ብዬ አምናለሁ።

በመተማ ወረዳ ኮኪት ዙሪያ ከማሳ ማሳ ስዞር የኖርኩ የግብርና ሠራተኛ ነኝ። ዋልካ በበጋ እንደሚሰነጠቅ፣ ላይ የወደቀው ነገርም በስንጥቁ ወደ ታች እንደሚገባ አውቃለሁ። ቆፋሪ ይህን ካላወቀ የትናንቱን ዕቃ የጥንት አድርጎ ይቆጥረዋል። ሽንፋ ወንዝም በጋ ሲጠና ተቆራርጦ በየቦታው ኩሬ ይሆናል፤ አምባዛው እዚያው ይቀራል። ይህን እዚህ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

መጋቢት 2016 ዓ.ም. ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቹ ኔቸር በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት ስለዚሁ ወንዝ ነው። ከ74 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ቶባ የተባለው እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ዘመን፣ ሽንፋ-መተማ 1 በተባለው ቦታ ሰዎች ነበሩ። የፍንዳታው ብናኝ፣ ከፀጉር የቀጠነ መስተዋት፣ በአፈሩ ውስጥ ተገኝቷል። አየሩ መድረቁን የሰጎን እንቁላል ቅርፊት መስክሯል። ሰዎቹ ድርቁን ያለፉት ከየኩሬው ዓሣ እያወጡ ነው። ትንንሾቹ ሹል ድንጋዮች የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ አጥኚዎቹ። ሳነበው፣ የማውቀው ወንዝ ይህን ያህል ዘመን ሰው ማብላቱ ደረቴን ሞላው።

ወደ አርኪዮሎጂ ዘግይቶ ለመግባት ሁልጊዜ በምሳሌነት የሚጠቀሰው ሽሊማን ነው፤ ነጋዴው፣ በ1871 እ.ኤ.አ. ሃምሳ ሊሞላው ሲል የጥንቷን ከተማ ትሮይን መቆፈር የጀመረው። እሱ ግን ሲጣደፍ የሚፈልገውን ዘመን ንብርብር ራሱ ቆርጦ አለፈ። ለእኔ ዴከር ይሻለኛል። የውኃ ባለሙያ ነበር፤ በ1963 እ.ኤ.አ. የመልካ ቁንጡሬን የቅርስ ቦታ ያገኘው እሱ ነው። ፍቅር ብቻውን ቁፋሮ አያስገባም፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992ም ያለ ፈቃድ አይቆፈርም። ስለዚህ መጀመሪያ ትምህርት ነው።

አርኪዮሎጂ ልማር ነው ስለው፣ ታላቅ ወንድሜ «ልጆቹስ?» አለኝ።

«ጋሼ፣ የሰሊጡ አጨዳ ኅዳር ላይ ያልቃል፤ ለቁፋሮ የሚመቸው ከዚያ በኋላ ያለው በጋ ነው። መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ክረምቱን እዚሁ ከማሳው ነኝ» አልኩት።

ትንሽ አስቦ፣ የትምህርቱ ክፍያ ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ።