አንሶላችን እንዳይሞቅ

ሰው ከቤቱ ርቆ ሲማር መጀመሪያ የሚናፍቀው የእናቱን እንጀራ ነው ይባላል። እኛ ግን ድሬዳዋ ከወረድን ወዲህ አንድ ሌላ ናፍቆት ተጨምሮብናል፤ ቀዝቃዛ አንሶላ። ደገኛ አንባቢ ይህን ሲሰማ «እነዚህ ልጆች ቀበጡ እንዴ?» ይል ይሆናል። አይፈረድበትም። በደብረ ብርሃን ብርድ ያደገ ሰው ጭንቀቱ ብርድ ልብስ እንጂ አንሶላ አይደለም። ነገር ግን ሰኔ ላይ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ግድግዳው ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት መልሶ ሲተነፍስ፣ በነጋታው ፈተና ያለበት ተማሪ ሲገላበጥ ያደረ እንደሆነ የአንሶላን ነገር እንደ ዋዛ አያየውም። እንቅልፍ ያጣ ጭንቅላት ፎርሙላ አይዝማ!

ለመሆኑ አንሶላን ቀዝቃዛ የሚያደርገው ምንድን ነው? ከዶርማችን ልጆች አንዱ አምና ከገበያ የሚያብለጨልጭ አንሶላ ገዝቶ መጣ። ነጋዴው «በረዶ ነው በለው!» ብሎ ነበር የሸጠለት። እውነትም እጅ ሲነካው ይቀዘቅዛል። ሩብ ሰዓት ከተኙበት በኋላ ግን ጀርባ ላይ ይጣበቃል። ምስጢር የለውም፤ ጨርቁ ከነዳጅ ዘይት የሚገኘው ፖሊስተር ነው። ጥጥ ከአየሩ እርጥበት የክብደቱን ከመቶ 8 እጅ ያህል ይይዛል፤ ፖሊስተር ግን ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላለትም። ላባችን ጥጡ ውስጥ ይገባል፣ ይሰራጫል፣ ከዚያም ሲተን ሙቀታችንን ይዞ ይሄዳል። ሽመናውም አንዱ ክር ከላይ አንዱ ከታች እየሆነ ሳሳ ብሎ የተሠራ ከሆነ አየር ያሳልፋል። ሸማኔዎቻችን ይህንን ሳይንስ ብለው ሳይጠሩት ያውቁታል፤ ነጠላ ለቆላ ፀሐይ የሚመቸው በከንቱ አይደለም።

እንግዲህ የጥጥ ቅዝቃዜ የላብ መውጫ መንገድ ነው ብንል አልተሳሳትንም። መንገድ ደግሞ ካልተጠረገ ይዘጋል። የሚዘጉት የሰውነት ቅባት፣ አቧራ፣ እንዲሁም ብዙ ሰው የማይጠረጥረው፣ ታጥቦ ያልወጣ ሳሙና ናቸው። የድሬዳዋ ውሃ ኖራ ይበዛዋል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋግረው እሱ ነው። በእንዲህ ያለ ውሃ ሳሙና አረፋ አላወጣ ሲል እጅ ኦሞ መጨመር ይቀናዋል። የተጨመረው ሁሉ በደንብ ካልተለቀለቀ ክሩ ላይ ይደርቅና አንሶላውን እንደ ካርቶን ያደርገዋል።

ከግቢው ጀርባ ልብስ እያጠቡ የሚተዳደሩ አንዲት እናት አሉ። ከደጋ የመጣነው «እርስዎ» ስንላቸው ይስቃሉ፤ ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውምና። «አንቺ በለኝ፣ አንተ ልጅ! ሳሙናውን ቀንስ፣ ውሃውን ጨምር!» ይላሉ። ሥርዓታቸው ይህ ነው፦ አንሶላ ከጂንስና ከፎጣ ጋር አይዘፈዘፍም። ሳሙናው አስቀድሞ በውሃ ይሟሟል። ጨርቁ ጥቂት ከተዘፈዘፈ በኋላ በቀስታ ይታሻል፤ ሦስት ጊዜም ይለቀለቃል። በመጨረሻው ውሃ ላይ ጥቂት አቼቶ ጠብ ይደረጋል፤ ኖራውንና የሳሙናውን ቅሪት ያላቅቃል፣ ሽታውም ጨርቁ ሲደርቅ ይጠፋል። አቼቶና በረኪና ግን በአንድ ሳፋ አይገናኙም፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ማለስለሻ እየተባለ የሚሸጠውን ሽቶ ሽቶ የሚል ፈሳሽ እሳቸው በአጠገባቸው አያስደርሱትም። እውነታቸውን ነው፤ ክሩን ይለብሰውና ላብ መምጠጡን ይቀንስበታል። በረኪናውም ቢሆን ለክፉ እድፍ ካልሆነ በየሳምንቱ አይታሰብም፤ ጥጥ ይበላል።

ዓመቱ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ከህዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ለዘብ ስለሚል አንሶላ ሁለት ሳምንት ቢቆይ ብዙ አይከፋም፤ አቧራውን ግን በየጠዋቱ ማራገፍ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ የበልጉ ዝናብ ድንገት ስለሚመጣ ማስጫ ገመዱን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል፤ እርጥብ እያለ የታጠፈ አንሶላ ይሻግታል። ግንቦትና ሰኔ በየሳምንቱ፣ ያውም ጎህ ሲቀድ ማጠብ ነው። ፀሐይ ያነጣል፣ ተህዋስያንንም ይገድላል፤ ቀኑን ሙሉ ሲያርፍበት ግን ክሩን ያደርቀዋል። ስለዚህ እንደ ደረቀ ማንሳት ነው። ትኋን የታየ እንደሆነ 60 ዲግሪ የሚደርስ ሙቅ ውሃ እንጂ ሽቶ አያድንም። ለክረምት ወደ አገር ቤት ስንገባም «አንድ ሌሊት ብቻ ነው የተኛሁበት» የሚባለው አንሶላ ጭምር ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ በጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ዛሬ የማይታየው ላብ በመስከረም ቢጫ ሆኖ ይጠብቀናላ!

«ይህ ሁሉ ይሁን፤ ውሃው የት አለ?» የሚል አይጠፋም። ነገሩም እዚህ ላይ ነው። ቧንቧው በተራ ስለሚመጣ በጀሪካንና በበርሜል እናጠራቅማለን። የተጠራቀመ ውሃ ደግሞ ሌላ እንግዳ ይጠራል። በኢትዮጵያ የዴንጊ ወረርሽኝ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው በ2013 እ.ኤ.አ. እዚሁ ድሬዳዋ ላይ ነበር፤ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ ብዙ ሺህ ሰው አልጋ ላይ ጣለ። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን የምትናከስ፣ ክዳን በሌለው ንጹሕ ውሃ ውስጥ የምትራባ ናት።

ካቻምና የመንዙ ወንድማችን በዴንጊ ወደቀ። አጥንቱ የተሰባበረ ይመስል «ወገቤን!» እያለ አምስት ቀን አቃሰተ። ከጤና ጣቢያ ሲመለስ የታዘዘለት እረፍትና ብዙ ፈሳሽ መጠጣት ነበር። የክፍሉ አንሶላ ሁሉ ለእሱ አልጋ ሆነ። እኛ በባዶ ፍራሽ ላይ ተኝተን ሌሊቱን በተራ እየተነሳን ላብ ያራሰውን እናነሳለን፣ የደረቀውን እናነጥፋለን፤ ሊነጋጋ ሲል ደግሞ ሳፋው ዙሪያ እንሰበሰባለን። በአራተኛው ሌሊት ትኩሳቱ በረድ ሲልለት አዲስ የተነጠፈው ላይ ጋደም አለና «እፎይ፣ መንዝ የገባሁ መሰለኝ» አለ። ከዚያች ሌሊት ወዲህ የበርሜሉ ክዳን እንደ አንሶላው ሁሉ የጋራ ጉዳያችን ነው። በሳምንት አንድ ቀን ውሃው ይደፋል፣ የበርሜሉ ውስጥ ይፈተጋል፣ እንደገና ይሞላል፣ ይከደናል።

ማጠብ ዕውቀት የሌለበት ሥራ የሚመስለው ቢኖር የእንዶድን ታሪክ ያስታውስ። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸውና ከዚያ ተነሥተው ዓመታት የፈጀ ምርምር አካሄዱ፤ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ለዘመናት በዚያ ወንዝ ዳር ያለፈ ሰው ሁሉ አጣቢዎቹን አይቷል። እሳቸው ግን ከእጃቸው የሚወርደውን ውሃ ተከትለው አዩ።

እኛስ የማንን እጅ አይተናል? ከቤታችን ስንወጣ ሻንጣችን ውስጥ የገባው ነጭ አንሶላ በእናት ወይም በእህት እጅ ታጥቦ፣ ተጣጥፎ የመጣ ነው። ግቢ ስንደርስ ደግሞ ለአጣቢ ይሰጣል። ከፍሎ ማሳጠብ ነውር የለውም፤ የእኚያ እናት እንጀራም ነው። ነገር ግን «ወንድ ልጅ አንሶላ ያጥባል?» እያለ በገዛ ላቡ ላይ የሚሰነብት ጎበዝ፣ ለራሱ እንቅልፍ እንኳ ሌላ ሰው እንዲደክምለት የሚጠብቅ ነው። ያ ጎበዝ ጓደኛው የታመመ ዕለት ምን ሊያደርግ ነው? አልጋ አጠገብ ቆሞ «አይዞህ» ማለት ብቻውን ትኩሳት አያበርድም።

በእኛ ዶርም የቅዳሜ ተራ በሩ ላይ ተለጥፏል፦ ሁለት ሰው ውሃ ቀጂ፣ ሁለት አጣቢ፣ አንድ ገመድ ጠባቂ፣ አንድ የበርሜል ፈታጊ። ከጎረቤት ክፍል መቀላቀል የሚሻ ካለ ሳፋውን ይዞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ይምጣ። ገመዱ ለአሥር አንሶላ ይበቃል።