ከሱስንዮስ ወደ ፋሲለደስ፤ አባት ለልጁ የሚያወርሰው ሃይማኖት

በባሕር ዳር ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ በድንጋይና በኖራ የታነጸ አንድ አሮጌ ፎቅ አለ፤ የአገሩም ሰው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን የነበረው ፔድሮ ፓኤዝ ያሠራው ነው እያለ ያወራዋል። በሰንበት ለማስቀደስ የሚመጣው ምእመን ደጁን ተሳልሞ ሲገባና ሲወጣ በአጠገቡ ያልፋል፤ ከሚያልፉትም ብዙዎቹ ልጆቻቸውን በእጃቸው የያዙ አባቶችና እናቶች ናቸው። እኔም እነርሱን ባየሁ ቁጥር በዚሁ በጣና ዙሪያ የተፈጸመው፥ አባትና ልጅ ስለ ሃይማኖት የተለያዩበት ታላቅ ታሪክ ትዝ ስለሚለኝ፥ አሳቤን ዛሬ በሰፊው ልጽፈው ወደድሁ። አንባቢም ታግሦ እስከ ፍጻሜው ይከተለኝ ዘንድ እለምናለሁ።

ዐፄ ሱስንዮስ ከዐፄ ልብነ ድንግል ዘር የተወለደ፥ አባቱን አቤቶ ፋሲለደስን ገና በብላቴንነቱ በጦርነት ያጣ፥ እርሱም ተማርኮ በኦሮሞዎች ዘንድ የኖረ ሰው እንደ ነበረ ዜና መዋዕሉ ይመሰክራል። ያልጠገበውን የአባቱን ስም ለልጁ አወጣለት። ከብዙ መከራና ከብዙ ውጊያ በኋላ በ1599 ዓ.ም. ዙፋኑን በያዘ ጊዜ ፓኤዝን ከመሰለ ብልህ፥ ትሑትና ባለ እጅ ሰው ጋር ተወዳጀ፤ በጎርጎራም ለኢየሱሳውያን ርስት ሰጠ። ፓኤዝ በ1614 ዓ.ም. ሲሞት ንጉሡ የሮማን እምነት መቀበሉን በግልጥ አስታውቆ ነበር። በየካቲት 1618 ዓ.ም. ደግሞ በደንቀዝ፥ ከሮማ በተላከው በፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ተንበርክኮ ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ለመታዘዝ ማለ፤ መኳንንቱና ልጁ ፋሲለደስም አብረውት ማሉ።

አንድ ሰው መርምሮና አምኖ ሃይማኖቱን ቢለውጥ፥ ይህ በእርሱና በፈጣሪው መካከል ያለ ነገር ነው። ሱስንዮስ ግን የልቡን እምነት የሕዝብ ዐዋጅ አደረገው። ሜንዴዝም የፓኤዝን ትዕግሥት ያልታደለ ሰው ስለ ነበረ፥ ካህናቱ እንደ ገና እንዲካኑ፥ ምእመናኑ እንደ ገና እንዲጠመቁ፥ ታቦታቱና አብያተ ክርስቲያናቱ እንደ ገና እንዲባረኩ፥ የቀዳሚት ሰንበት እንድትሻር፥ በዓላትም በሮማ ሥርዐት እንዲከበሩ አዘዘ። እናቱ በአንገቱ ላይ ያሰረችለትን ማዕተብ እንደ ነፍሱ ለሚያየው ለጎጃምና ለበጌምድር ገበሬ፥ እስከ ዛሬ ክርስቲያን አልነበርህም ማለት ምን ያህል እንደሚያቆስል መናገር አያሻም። ከዚያ አስቀድሞ በ1609 ዓ.ም. ግብፃዊው ጳጳስ አቡነ ስምዖን በንጉሡ ላይ ከተነሡ ዐመፀኞች ጋር ተሰልፈው በጦር ሜዳ ወድቀው ነበር። የጣና ዳርቻ ገዳማትም ዝም አላሉም፤ ከንጉሡ ባለሟሎች የአንዱ ሚስት የነበረችው ወለተ ጴጥሮስ ባሏን ትታ መንኩሳ፥ ግዞትንም ታግሣ፥ በሐይቁ ዙሪያ ማኅበር እየሰበሰበች የአባቶቿን ሃይማኖት ጠበቀች፤ ኅዳር 17 ቀን እስከ ዛሬ ትታሰባለች።

በመጨረሻም በ1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ በንጉሡ ላይ ከዐመፀው ከላስታው መልክአ ክርስቶስ ጋር የተደረገው ጦርነት መጣ። ንጉሡ አሸነፈ። በሜዳው ላይ ስምንት ሺህ ያህል ሬሳ እንደ ወደቀ የጻፉ አሉ፤ መኳንንቱም ንጉሡን በሬሳው መካከል ወስደው፥ እነዚህ የወደቁት አረማውያን ሳይሆኑ የገዛ ወገኖቹ ክርስቲያኖች መሆናቸውን እንዳሳዩት ይነገራል። ሱስንዮስ በድል ማግስት ያደረገው ነገር በነገሥታት ታሪክ ብዙ ጊዜ የማይገኝ ነው፤ በሰኔ ወር ሕዝቡ ወደ ቀደመው ወደ እስክንድርያ ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ አስነገረ፥ ዙፋኑንም ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ጥቂት ወራት ቆይቶም በመስከረም 1625 ዓ.ም. አረፈና አዘዞ በሚገኘው በገነተ ኢየሱስ ተቀበረ። እርሱ ራሱ እስከ ሞቱ በሮማ እምነት እንደ ጸና ኢየሱሳውያኑ ጽፈዋል፤ ይህ እውነት ከሆነ ዐዋጁ ይበልጥ ያስደንቃል፥ ለራሱ ያላመነበትን ሃይማኖት ሕዝቡ በነጻነት እንዲይዝ ፈቅዶ መሞቱ ነውና።

እኔ ከሱስንዮስ የሕይወት ዘመን ሁሉ ለልጅ የሚጠቅመው ትምህርት ይህ የመጨረሻው ሥራው ይመስለኛል። ድል ነሥቶ ሳለ ዐዋጁን የሻረ አባት፥ ሳይሸነፍ ከማስገደድ የተመለሰ አባት፥ ክብሩን በልጁ ፊት ስለ ሕዝብ ደም የጣለ አባት ለልጁ ከዙፋኑ የሚበልጥ ርስት ሰጥቶታል። ነገር ግን ልጁ ርስቱን በሙሉ ተረከበን? ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ያስጨንቀኛል።

ዐፄ ፋሲለደስ የአባቶቹን ሃይማኖት መለሰ፤ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቈረቈረ፤ የአክሱም ጽዮንን እንደ ገና አሠራ፤ አጽሙም ዛሬ በጣና ደሴት በዳጋ እስጢፋኖስ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ይታያል። ተዋሕዶ ከጥፋት የዳነችው በእርሱ ዘመን ነውና ስሙን በምስጋና አነሣለሁ። ነገር ግን እውነቱን መሸሸግ አይገባም፤ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጣ፥ የአባቱንም ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስን በእምነቱ ምክንያት አጋዘው፥ በ1630 ዓ.ም. ደግሞ ወደ አገሩ የገቡ ሁለት የካፑቺን መነኮሳት በጎንደር በስቅላት ተገደሉ። ልጁ ዐፄ ዮሐንስም፥ በበጎ ምግባሩ ጻድቁ የተባለው፥ በነገሠ በዓመቱ ገደማ፥ በ1660 ዓ.ም. ባስጠራው ጉባኤ ፈረንጆቹ ወይ እምነታቸውን እንዲለውጡ ወይ አገር እንዲለቁ፥ እስላሞቹም ተለይተው እንዲኖሩ አስወሰነ። ይህን ስመለከት የሚታየኝ ነገር አለ፤ ልጁና የልጅ ልጁ አባታቸው የመረጠው ሃይማኖት እንዳሳተው ተረዱ፥ ሃይማኖትን በሰይፍ ማጽናቱ እንዳሳተው ግን አልተረዱም። የአባታቸውን ስሕተት ገለበጡት እንጂ አልተዉትም። ከፋሲለደስ ወገን ሆኜ ብከራከር ምክንያት አላጣም፤ የውጭ ጦር ይመጣል የሚለው ሥጋት ከንቱ አልነበረም፥ የደሙም ትኩሳት ገና አልበረደም ነበር። ይሁን እንጂ የሱስንዮስ አያት ወንድም የሆነው ዐፄ ገላውዴዎስ ከሰባ ዓመት በላይ አስቀድሞ፥ ከሮማ የመጡት መምህራን ስለ ሰንበትና ስለ ግዝረት በከሰሱት ጊዜ ሃይማኖቱን በጽሑፍ ገልጦ በትሕትና መልስ ሰጥቷቸው ነበር። ሌላ መንገድ እንደ ነበረ ምስክሩ እርሱ ነው።

የንጉሥ ታሪክ ከተራ ሰው ቤት የራቀ መስሎ ይታያል። ለእኔ ግን አልራቀም፤ ስለ አባቴ ጥቂት ብናገር አንባቢ ይፍቀድልኝ። አባቴ፥ ነፍሱን ይማረውና፥ ሌሊት ተነሥቶ ውዳሴ ማርያም ሳይደግም ከቤት የማይወጣ፥ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም፥ በወር በወሩ በሚካኤል ዕለት በደጁ ለነዳያን ጠላና ዳቦ የሚያቀርብ፥ የተቸገረ ጎረቤት ሲመጣ የሌለውን ተበድሮ የሚሰጥ ሰው ነበር። እኔ ዛሬ እግዚአብሔርን የምጠራበት ቋንቋ ሁሉ ከእርሱ አፍ የሰማሁት ነው። ነገር ግን ይኸው ሰው ከታላቅ ወንድሙ ጋር ስለ ርስት ተጣልቶ ለብዙ ዘመን አልተነጋገረም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እንኳ የወንድሙን ደጅ ላለማለፍ በዙሪያ መንገድ ይሄድ ነበር፥ እኛ ልጆቹም ከኋላው እንከተለው ነበር። አቡነ ዘበሰማያትን እንድናጠና በአለንጋ ያስገድደን የነበረውም እርሱ ነው። በዚያ ጸሎት ውስጥ ስለ በደል ይቅርታ የሚነገረውን ቃል ጮኸን እየደገምን፥ በዙሪያው መንገድ መሄዳችንን ልብ ያላልን መስሎት ነበር። ሕፃን ግን የአባቱን ቃል ከመስማቱ በፊት እግሩ የሚሄድበትን ያያል።

ታላቅ ወንድሜ በዚህ ምክንያት ከቤተ ክርስቲያን ራቀ፤ አባቴ የሚሰብከውን አይኖረውም ብሎ የአባቱን ጉድለት የሃይማኖቱ ጉድለት አድርጎ ቆጠረው። እኔ ደግሞ በተቃራኒው ጉድለቱን ሁሉ ሸፍኜ እንደ ጻድቅ ሳየው ኖርሁ። የሁለታችንንም ፍርድ ያረመው ራሱ አባቴ ነው። በንስሐ አባቱ ምክርና በሽማግሌዎች አማላጅነት ከወንድሙ ጋር በታረቀ ዕለት እኛን ልጆቹን ጠርቶ አስቀመጠና፥ ያን ሁሉ ዘመን ሥጋ ወደሙን ሳይቀበል የቆየው በዚህ ቂም ምክንያት እንደ ነበረ፥ እኛንም በአለንጋ ማስተማሩ ከእግዚአብሔር ፍርሃት ይልቅ የእርሱን ፍርሃት በልባችን እንዳኖረ ነገረን። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ንስሐ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ አባቴ በዚያ ምሽት ካስተማረኝ የሚበልጥ ግን አላስታውስም።

መጽሐፍ ቅዱስም በዚህ ነገር ብዙ ያስተምረናል። ክፉው አካዝ ሕዝቅያስን የመሰለ መልካም ልጅ ወለደ፤ መልካሙ ሕዝቅያስ ደግሞ ምናሴን ወለደ፤ ምናሴም ብዙ ደም ካፈሰሰ በኋላ በምርኮ አገር ንስሐ ገባ። ስለዚህ የአባት በጎነት ለልጅ ዋስትና፥ የአባትም ጥፋት ለልጅ ፍርድ ሊሆን አይችልም። ጢሞቴዎስ ግን ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ ግብዝነት የሌለበትን እምነት እንደ ተማረ ሐዋርያው ይጽፋል፤ ግብዝነት የሌለበት የሚለው ቃል ነገሩን ሁሉ ይዟል ብዬ አምናለሁ። ልጅ ፍጹም አባት ይቅርና ፍጹም ሰው እንደማይኖር ቶሎ ይረዳል፥ ሊታገሠው የማይችለው የተሸፈነውን ጉድለት ነው።

ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ በዘመናችን በዚህች በባሕር ዳርና በአካባቢዋ የማየው ነገር ነው። ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ወይም ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ከሌላ ማኅበረ ምእመናን ጋር ይውላል፥ ጴንጤ ሆነ ይባላል፤ አባት ስሙን መጥራት ይተዋል፥ እናት ተደብቃ ታለቅሳለች፥ በፋሲካ ማዕድ ላይ የአንድ ልጅ ስፍራ ባዶ ይሆናል። በሌላም ወገን ከወንጌላውያን ቤት የተወለደ ልጅ ወደ ገዳም ቢያዘነብል እንዲሁ ይሆናል። እኔ በተዋሕዶ ተወልጄ፥ በተዋሕዶ ለመሞት የምሻ ሰው ነኝ፤ ልጄም በዚህች ሃይማኖት ቢጸና ደስታዬ ፍጹም ነው። ነገር ግን ልጅን ከማዕድ በማባረር ሃይማኖትን ያተረፈ አባት አላየሁም። ያየሁት፥ ልጁ ለወጣበት ቤት ለዘለዓለም ልቡን ሲዘጋ ነው፤ ልጁም ኋላ አባት ሲሆን፥ ከአባቱ የተማረው ማባረርን ብቻ ስለ ሆነ፥ በተራው ሲያባርር ነው።

እንዲሁም ወጣቶችን አንድ ነገር እለምናለሁ። አባታችሁ በቂም፥ በቍጣ ወይም በአለንጋ የበደላችሁ እንደ ሆነ፥ በደሉን በደል ነው በሉት፥ ነገር ግን በእርሱ ዘንድ ያያችሁትን ጾም፥ ምጽዋትና የሌሊት ጸሎት ከበደሉ ጋር ጠቅልላችሁ አትጣሉ፤ ሁለቱን መለየት ጊዜና ጸሎት ይጠይቃል፥ ከታናሽነቴ ጀምሮ ስሞክረው የኖርሁት ሥራ ነው።

እናንተም አባቶችና እናቶች፥ ስለ ሃይማኖት ብላችሁ ከቤታችሁ ያራቃችሁት ልጅ ካለ፥ ፍልሰታ እስኪገባ ወይም ፋሲካ እስኪደርስ አትጠብቁ፤ ዛሬ ማታ ስልክ ደውሉለትና ድምፁን ስሙ፥ ወደ ቤትም ጥሩት።