ነጠላና ጥንድ ራም፤ በሰቆጣና በባሕር ማዶ

ላፕቶፕ ገዝቶ ወደ አገር ቤት የሚልክ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የራሙን ብዛት ነው፤ አራት ጊጋ ነው ወይስ ስምንት፣ ወይስ ዐሥራ ስድስት ይላል እንጂ፣ ያ ስምንት ጊጋ በአንድ ፍሬ ተጠቃልሎ ነው የተሰካው ወይስ በሁለት ፍሬ ተከፍሎ ብሎ የሚመረምር ጥቂት ነው። እኔ በምኖርበት በሰሜን አሜሪካ ግን ዴስክቶፑን በገዛ እጁ የሚገጣጥም ወጣት ራም የሚገዛው ጥንድ ጥንዱን ሲሆን፣ ነጋዴውም አቻ የሆኑትን ሁለት ፍሬዎች በአንድ ማሸጊያ አጣምሮ ያቀርብለታል።

የዚህን ልማድ ምክንያት ለመረዳት በዋግ ኽምራ ርእሰ ከተማ በሰቆጣ አድባራት ማኅሌት ሲቆም ያየ ሰው ብዙ አይቸገርም። ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ተሰልፈው አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው እየተቀበለ፣ ዜማው ሳይቋረጥ ሌሊቱ እንደሚነጋ፣ ሁለት ቻናል፣ ማለትም ወደ ራም የሚወስድ ሁለት መተላለፊያ፣ ያለው ኮምፒዩተርም ተከታታይ የሆኑትን አድራሻዎች ለሁለቱ ራሞች እያፈራረቀ ያከፋፍላል። እያንዳንዱ ቻናል 64 ቢት ስፋት ስላለው ሁለቱ ሲተባበሩ መተላለፊያው 128 ቢት ይሆናል፤ ስለሆነም ባለ 2400 ዲዲአር 4 ራም ብቻውን በሰከንድ እስከ 19.2 ጊጋባይት የሚያሳልፍ ሲሆን፣ ከአቻው ጋር ሆኖ እስከ 38.4 ጊጋባይት ያደርሳል። ይህ ግን በወረቀት ላይ የሰፈረው ከፍተኛ ልክ ነው፤ አንዲት መረጃ ተጠርታ እስክትመጣ ድረስ ያለው መዘግየት በጥንድነት አያጥርም። ሥርዓቱም በተራው ሰው ኮምፒዩተር ላይ እንግዳ ከመሆን ካለፈ ቆይቷል፤ ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2001 በኤንፎርስ ቺፕሴቱ፣ ኢንቴል ደግሞ በ2003 በ865ና በ875 ቺፕሴቶቹ አስፋፍተውታል።

በሰቆጣ የእኅቴ ልጅ በሚሠራበት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ያሉት ኮምፒዩተሮች፣ አዲስ አበባ መገናኛ ላይ ያገለገሉ ሆነው ተገዝተው በደሴና በወልድያ በኩል ተጭነው የደረሱ ሲሆኑ፣ ከመካከላቸው ሁለት ፍሬ ራም የተሰካበት አንድ እንኳ የለም። ይህንን በስልክ ሳነሣበት «ጋሼ፣ 8 ጊጋ ነው እኮ፤ ምን ጎደለው?» አለኝ፤ ነገሩን ካሰላሰልሁት በኋላም በመልሱ ውስጥ ብዙ እውነት አግኝቼበታለሁ። የአገር ቤት ባለሙያ አንድ ፍሬ የሚሰካው የጥንዱን ጥቅም ስቶ አይደለምና። ሁለተኛው ስሎት (የራም መሰኪያ) ባዶ ከቀረ ገንዘብ በተገኘ ጊዜ ሌላ ፍሬ ይጨመርበታል፤ ሁለቱም በባለ 4 ከተሞሉ ግን ማሳደግ ያስፈለገ ዕለት ቢያንስ አንዱን ነቅሎ ማስቀመጥ ግድ ነው። ነቅሎ ማስቀመጥም በሰቆጣ መጣል ማለት አይደለም፤ ማዘርቦርዱ የሞተ ኮምፒዩተር ራሙ ይወጣና፣ ወርቅማ ጥርሱ በተማሪ ላጲስ በስሱ ተፈግፍጎ፣ አቧራውና ዝገቱ ተጠርጎለት ለሌላው ይሰካል። የባሕር ማዶ ባለሙያ ይህንን የላጲስ ጥበብ ቢያይ ፈገግ ይል ይሆናል፤ እኔ ግን ጥቁር ሆኖ የቀረ ስክሪን በዚሁ ዘዴ ሲበራ ስላየሁ አልስቅም።

ደግሞስ ማመልከቻና ውል ለሚጽፍ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ለሚያትም ቤት ጥንድነት ምን ያህል ይፈይዳል? በጽሕፈትና በኢንተርኔት ሥራ ላይ ልዩነቱ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ዓይን አይለየውም። በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ዘመን መብራት ተቋርጦባት ለቆየች ከተማ፣ በእጅ ያለው ገንዘብ በቅድሚያ ለዩፒኤስና ለኤስኤስዲ ቢውል ይሻላል እላለሁ። እንዲሁም አንድ ፍሬ ባለ 16 ከሁለት ባለ 4 ይበልጣል፤ ምክንያቱም ራሙ የሞላበት ኮምፒዩተር ወደ ዲስክ መሸሽ ሲጀምር የሚደርስበትን ዝግመት የትኛውም የቻናል ስፋት አይክሰውም።

ነገሩ የሚለወጠው በዚያችው ከተማ የሠርግና የጥምቀት ቪዲዮ የሚያቀናብሩት ወጣቶች ዘንድ ነው። አብዛኞቹ ላፕቶፖች የራሱ ማስታወሻ ያለው የግራፊክስ ካርድ የላቸውም፤ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ ሥዕሉን ሁሉ የሚሠራው ከዋናው ራም ተበድሮ ስለሆነ፣ መተላለፊያው በጠበበ መጠን እርሱም ይታነቃል። ለዚህ ከሁሉ የሚገርመኝ ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጡት ባለ 11ኛ ትውልድ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ የሚታየው ነው፤ አይሪስ ኤክስኢ የተባለ ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕ በነጠላ ቻናል ሲሠራ ስሙ እንኳ ተለውጦ በስክሪኑ ላይ ተራ ዩኤችዲ ግራፊክስ ተብሎ ይነበባል፤ አቻው ፍሬ ሲሰካለት ግን አይሪስ የሚለው ስሙ ይመለስለታል። ወጣቱ የከፈለበትን ዕቃ ከፊል ዐቅሙ ተቆልፎበት እንደሚጠቀም አያውቅም፤ ፈጣን መስሎት የገዛው ላፕቶፕ ቪዲዮ ሲያወጣ ቢያዘግምበት በፕሮሰሰሩ ላይ ያማርራል።

መጠናቸው የተለያየ ራሞችም ቢሆኑ ፈጽሞ አይጣሉም። ባለ 4ና ባለ 8 በሁለት ቻናል ላይ አብረው ቢሰኩ በብዙ ማሽኖች ላይ ከእያንዳንዳቸው 4 ጊጋው በጥንድ፣ የቀረው 4 ጊጋ በነጠላ ይሠራል፤ ፍጥነታቸው ከተለያየም ሁለቱም በዘገምተኛው ልክ ይሄዳሉ። በየሱቁ መሳቢያ የተኛው ባለ 4 ፍሬ ስለዚህ ከንቱ አይደለም፤ ዲዲአር 3 ለዲዲአር 4 ስሎት እንደማይገባ ግን ማስተዋል ያሻል።

ላፕቶፕ ለመላክ የተዘጋጃችሁ ወገኖቼ፣ ካርቶኑን ከማሸጋችሁ በፊት ታስክ ማናጀርን ከፍታችሁ በሜሞሪው ገጽ ላይ ከሁለቱ ስሎቶች ስንቱ እንደተያዘ ተመልከቱ። አንዱ ባዶ ከሆነና ተቀባዩ በቪዲዮ፣ በፎቶ ወይም በሥዕል ሥራ የሚተዳደር ከሆነ፣ ዓይነቱና ፍጥነቱ አንድ የሆነ አቻ ፍሬ ገዝታችሁ፣ ባትሪውን ነቅላችሁ፣ በሰያፍ አስገብታችሁ ሁለቱ የጎን መያዣዎች ቀጭ እስኪሉ ድረስ ወደ ታች ተጭናችሁ ስኩለት፤ ሰቆጣ ከደረሰ በኋላ ያንን አንድ ፍሬ ፍለጋ ሰው ወደ አዲስ አበባ መላክ ከፍሬው ዋጋ የበለጠ ያስወጣልና።